የጤና አዳም ስጥ

እትዬ የሺሃረግ በሰው አገር፣ ዌሪቢ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ አትክልት ሲያሽጉ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ እጃቸው ሥራ ፈትቶ አስቸገራቸው። ጎረቤታቸው ኤደን ይህን አይታ አስኮት ቬል ባለው የሰፈር አዳራሽ የሳያኖታይፕ ክላስ ቡክ አድርጋላቸው አብራቸው ሄደች፤ በፀሐይ ሥዕል ማተም መሆኑ ነው።

አስተማሪዋ መድኃኒት የተቀባ ወረቀት ሰጠቻቸው። ሥራው ቅጠል አስቀምጦ ፀሐይ ላይ መተው ነው፤ ብርሃን ያገኘው ሰማያዊ ይሆናል፣ ቅጠሉ የጋረደው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እትዬ ከበረንዳቸው የቀነጠሱትን ጤና አዳም ወረቀቱ ላይ ደርድረው ግቢው ውስጥ አሰጡትና አጠገቡ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የተሰጣ ነገር ደግሞ ይገላበጣል። በርበሬውንም ብቅሉንም ሲያሰጡ ያደጉ ሴት ናቸው፤ ጥቂት ቆይተው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ገለበጧቸው።

ወረቀቱ ውሃ ውስጥ ሲታጠብ ጤና አዳሙ ነፋስ እንደመታው ሁሉ ተደራርቦና ደብዝዞ ወጣ።

«እትዬ፣ መንካት አይቻልም እኮ!» አለች ኤደን እየሳቀች።

«ታዲያ ምን ልጠብቅ ነው የተጎለትኩት?» ብለው ተቆጡ።

በሁለተኛው ወረቀት ግን እጃቸውን ጭናቸው ሥር ቀብረው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ቻሉት። ቅጠሉ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ክላሱ በሙሉ አጨበጨበላቸው።

ወደ ቤት ሲነሱ ጥርት ያለውን ትተው ደብዛዛውን ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱ ኤደን ገረማት።

«ያኛው ማማሩንስ ያምራል፣ ልጄ» አሏት፤ «ግን ባለቤት የሌለው ስጥ ይመስላል።»