ተረኛዋ ወተት ሻጭ

ወሬው የደረሰኝ በረመዳን፣ የአስር ሶላት ሰግጄ ለማፍጠሪያ የግመል ወተት ልገዛ ስወጣ ነው። ወተት ሻጯ ጀሪካኗን ከፊቷ አስቀምጣ አንገቷን ደፍታለች።

"አባዮ፣ ዛሬ ስታፈጥሪ ጠግበሽ ጠጪ። ከዒድ በኋላ የምትገዢው ከፋብሪካው ነው" አለችኝ።

አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። ከወሎ ድሬዳዋ መጥቼ ዘመድ በሌለኝ ከተማ መጀመሪያ እህቴ ያሉኝ እነዚህ ወተት ሻጭ የሶማሌ ሴቶች ናቸው።

ለካ አዲስ ደንብ ወጥቷል። ወተት የሚሸጥ ሁሉ ፈቃድና ማቀዝቀዣ ማሽን ይኑረው ይላል። ደንቡን አልጠላሁትም፤ በድሬ ሙቀት ወተት ቶሎ እንደሚበላሽ ማን ያጣዋል? ግን ትልቁ የወተት ፋብሪካ ማሽኑ ድሮም ነበረው። ለእሱ ደንቡ ምንም አልከበደውም፤ ጭራሽ ገበያውን ጠረገለት።

ሴቶቹም ሳያውቁት ነገሩን በራሳቸው ላይ አከበዱት። ልማዳቸው የሁሉንም ወተት አንድ ላይ ማጠራቀም ነው። ተረኛዋ ይዛ ከተማ ትገባለች፤ ሌሎቹ ከግመሎቹ ጋር ይቀራሉ። የፈቃድ ቢሮው መዝጋቢ ሰፈራቸው ድረስ ሄዶ "ሻጯ ማን ናት?" ሲል ሁሉም እጃቸውን አወጡ። አንዷ ብቻ "እኔ ነኝ" ብትል የሌሎቹን ወተት የነጠቀች መስሏቸው። በዚህ የተነሳ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማሽን እንዲያቀርቡ ተጠየቁ።

"ዛሬ የሚሸጠው ማነው?" አልኳት ወተት ሻጯን።

"ተረኛዋ።"

"ነገስ?"

"ተረኛዋ ነቻ! አቦ፣ ጾሙ አዞረሽ እንዴ?"

"እንግዲያው ሻጩ አንድ ነው። ማሽንም አንድ ይበቃችኋላ!"

ትኩር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። "ወላሂ፣ ሲርብሽ ነው ጭንቅላትሽ የሚሠራው!"

ዒድ እንዳለፈ ሁሉም ተያይዘው ቢሮ ሄዱ። ኃላፊው አልገፋቸውም። "አብራችሁ ስትሸጡ መኖራችሁን የሚመሰክር ሰው አምጡ፤ በአንድ ፈቃድ እናየዋለን" አላቸው። ከዚራ ሰፈር ያለ ባለሱቅም ማሽኑ የሚቆምበትን ጥግ ሰጥቷቸዋል። አላህ ካለ ፋብሪካውም ይሸጣል፣ እነሱም ይሸጣሉ፤ ድሬ ለሁሉም ትበቃለች።

እኔ ያየሁትን ተናግሬያለሁ፤ የአንድ መጤ ቃል ብቻውን ግን አይበቃም። ከዚያ ጀሪካን ስትገዙ የኖራችሁ የድሬ ሰዎች፣ እባካችሁ ቢሮው ድረስ ብቅ በሉ። ለማንም አታዳሉ። ሻጯ በየቀኑ ብትቀያየርም ወተቱ የሁሉም እንደነበር፣ ያያችሁትን ያህል ብቻ ተናገሩላቸው።