ቪዲዮ ጥሪ የማይሠራበት ኢንተርኔት ቤት

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ብቸና ኔት ስለጠፋ የተማሪዎቼን ፎርም ልልክ ሞጣ ድረስ ሄድኩ... የአይሲቲ መምህር ነኝ።

የገባሁበት ኢንተርኔት ቤት ፋይሌን በደቂቃ ላከው። ደስ ብሎኝ ባሕር ዳር ላለው ወንድሜ ቪዲዮ ደወልኩ። ድምፁ ጥርት ይላል... ፊቱ ግን የለም። ቪፒኤን ከፍቼ ስሞክር ወንድሜ እስከነጥርሱ ቁልጭ ብሎ መጣ።

ገባኝ። ኔቱ ደህና ነው። ባለቤቱ ጋሽ አንለይ ቪዲዮ ጥሪን ብቻ ለይተው አፍነውታል። በቪፒኤን ሲያልፍ ግን ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ያልፋል። ንድድ አለኝ! ሰው ምን ማየት እንዳለበት እሳቸው ማን ሆነው ነው የሚመርጡለት?

አጠገቤ አንድ እናት ጥቁር ነጠላ ተከናንበው ቤይሩት ካለች ልጃቸው ጋር በድምፅ ብቻ ያወራሉ።

«እናቴ፣ ልጅዎን በዓይንዎ ላሳይዎት?»

«ተወው ልጄ... ድምጿ ይበቃኛል።»

«በሞቴ! አንድ ደቂቃ ነው።»

«ተው አልኩህ እኮ የኔ ልጅ።»

እኛ አገር መቼም ብላ ሲባል ሦስቴ እምቢ ሳይል የሚበላ ሰው የለም። ይሉኝታ ይዟቸው መሰለኝ። እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ጥሪውን ዘጋሁ፣ ቪፒኤኑን ከፈትኩ፣ መልሼ ደወልኩላቸው።

ልጅቷ ቁልጭ ብላ መጣች። እናቷን ስታይ ሳቀች። ከዚያ... ሳቋ ቆመ።

«እማ... ጥቁሩ ለማን ነው?»

እናትየው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት።

«እማ! አባባ የታል? አባባን አቅርቢልኝ!»

ጋሽ አንለይ ሮጠው መጥተው የኮምፒውተሩን ገመድ ነቀሉት። ምን ዋጋ አለው... ጩኸቷን ቤቱ ሁሉ ሰምቷል።

«አንተ ሰው፣ ማን አድርግ አለህ?» አሉኝ። «አባቷ ካረፉ ሳምንታቸው ነው። ሐዘን ያለበት ሁሉ እዚህ እየመጣ የሚደውለው ምስል ስለማይመጣ ነው። ሰው ለምኖኝ ነው ቪዲዮውን የዘጋሁት! ነገ ጠዋት ቤይሩት ያሉ የአገሯ ልጆች ተሰብስበው ሊያረዷት ነበር።»

«ይቅርታ እናቴ...» አልኩ። አፈርኩ። እናትየው እኔን አላዩኝም፤ የጠፋውን ስክሪን ነው የሚያዩት።

«ብቻዋን እኮ ናት... ሰው ቤት ናት። ማን ይይዛታል?»

ሽማግሌ በማለዳ፣ ሰው ሰብስቦ የሚያደርሰውን መርዶ... እኔ በአራት ሰዓት፣ ያለ ምንም መቆራረጥ አደረስኩት።