የአልዩ አምባ ዝናብ

ደብረ ብርሃን መግቢያ ኬላ ላይ ወታደሮች ከሚኒባስ ያወረዱኝ ደብተሬን አይተው ነው። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ይመስለኛል፤ ሲሚንቶው ላይ ገብስ ተንጠባጥቦ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ ማንንም አይምርም። ጫማዬንና ጃኬቴን ደግሞ ቀድመው ወስደዋቸዋል።

ደብተሩ የዝናብ ነው። ከጎረቤላ እስከ አልዩ አምባ፣ ቁልቁለቱን ተከትለን፣ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያችንን የምናነብ ሰዎች አለን። የጎረቤላውን የማነበው እኔ ነኝ፤ የሁሉንም ሰብስቤ የምልከውም እኔው። የሚቀበሉኝ የብዙ አገር ሳይንቲስቶች ናቸው፤ የሰው ልጅ ደን በመመንጠሩና ነዳጅ በማቃጠሉ የምድር ዝናብ እንዴት እንደተዛባ በጋራ ያጠናሉ። በኔፓልና በፔሩ ተራሮችም እንደኛው የሚያነቡ አሉ። ደብተሩ ላይ የሰው ስም አንጽፍም፤ የቦታው ፊደልና ቁጥር ብቻ። ያልተነበበ ቀን ላይ ሰረዝ እናሰምራለን። በግምት መሙላት እኛ ዘንድ ነውር ነው።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ደብተሩን ገለጠ።

«‹አ 14› ምንድን ነው?»

«አልዩ አምባ የዘነበው ነው። አሥራ አራት ሚሊ ሜትር።»

«ዝናብ ለፈረንጅ ይላካል?»

«ይላካል።»

ሳቀ። እውነቱን ለመናገር፣ ለሰሚው ያስቃል። ከዚያ አስረው ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉኝ። ቁጥሩ የታጣቂ ብዛት ነው እንድል፣ ከአልዩ አምባ የሚልክልኝንም ሰው ስም እንዳወጣ ፈለጉ። ሰውየው ጨው ነጋዴ ሐጂ ናቸው፤ ልባቸው ታማሚ ነው። ያንን ገመድ አይችሉትም።

ጎትተው ክፍሉ ውስጥ ሲጥሉኝ አብሮኝ የታሰረ ሰው ሸሚዙን ቀዶ እግሬን ጠቀለለልኝ። ከወለጋ ተፈናቅሎ መጠለያ የሚኖር ገበሬ ነው።

«ወንድሜ፣ ዝም ብለህ አንድ ስም ጥራላቸው» አለኝ። «የሌለ ሰው ስም።»

አሰብኩበት። ፈርቼ ነበርና ደጋግሜ አሰብኩበት። ግን ማንኛውንም ስም ብጠራ አልዩ አምባ ውስጥ ባለቤት አይጠፋለትም። የሚገረፈው ያ ሰው ነው።

በሦስተኛው ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ።

«ስሙን በእጅህ ጻፍ» አለ መርማሪው።

በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ሦስት ሰዓት ገደማ መሆኑን ያሳያል። ቀኑን ጻፍኩ። ከሥሩ «አ»ን አሰፈርኩ። ከፊደሉ ጎን ሰረዝ አሰመርኩ። መርማሪው ወረቀቱን አየና የጻፍኩበትን እጅ ጠረጴዛው ላይ አስይዞ በሰደፍ መታው። ሁለቱ ጣቶቼ ሲሰበሩ ድምፃቸውን ሰማሁት። ጮህኩ። ስም ግን አልወጣኝም።

ከሳምንታት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ይህን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። ሳይንቲስቶቹ የጎደሉትን የጎረቤላ ቀናት ከሌሎቹ ቦታዎች አስልተው ሊሞሉልኝ ጠየቁኝ። ይቅር፣ ሰረዙ ይቀመጥ አልኳቸው።

ቤተሰቤ ለሰው ሁሉ «ታሟል» ብሎ ነበር የከረመው። ሐጂ ሊጠይቁኝ መጡ፤ የከረመውን ወረቀታቸውንም ይዘዋል። የእኔን ደብተር ገለጥ ገለጥ አደረጉና ፈገግ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ያንተው ነው ሰረዝ የሞላበት? እኔ እንኳ በዚች ልቤ አንድ ቀን አላስታጎልኩም፣ አልሐምዱሊላህ።»

«አሞኝ ነበር፣ ሐጂ።»

«አላህ ያሽርህ።»

የተሰበረውን እጄን ከጋቢዬ ሳላወጣ ወረቀታቸውን በደህናው ተቀበልኩና ቁጥሮቹን መገልበጥ ጀመርኩ። በእነዚያ ቀናት አልዩ አምባ ላይ ብዙ ዘንቧል።