አባቴን ያስጠናሁበት ሳምንት

አባቴ ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም ነበር። የሱፍ ቆባቸውን ያወልቁና ውስጡን ያያሉ፤ አይተው ሲያበቁ መልሰው ይደፉታል፤ ከዚያ ነው የሚናገሩት። የበግ ዋጋ ቢጠየቁም ያው፣ «እንዴት አደሩ?» ቢባሉም ያው። ስልክ ላይ በምንለቃቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ሰው የወደደልን ይህንን ነበር። እኔ ነዝናዛ ልጅ ሆኜ እሠራለሁ፤ እሳቸው ምንም አይሆኑም፣ ራሳቸውን ናቸው። «አባዬ፣ ገብሱን መቼ ነው የምናጭደው?» እላለሁ። ቆቡ ይወልቃል፣ ይታያል፣ ይደፋል። «እሱ መቼ እጨዱኝ አለ?» ይላሉ። ያቺን ቪዲዮ ያየ ሰው ሞላሌ ገበያ ቢሰበሰብ መቆሚያ አያገኝም።

እኔ ሞላሌ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፤ ያኔም አሁንም። ፊልም ላይ የመውጣት አምሮት ከልጅነቴ ጀምሮ አለቀቀኝም። ቪዲዮው ለእኔ ወደዚያ መሄጃ መንገድ ነበር። ለአባቴ ግን ከልጃቸው ጋር መጫወቻ ነበር፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችን ውስጥ የተሳቀው በዚያ ሰበብ ነው። ይህ ጠፍቶኝ አልነበረም። ብቻ ለእሱ ቦታ አልሰጠሁትም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የፊልም ዳይሬክተር ደወለልኝ። የገጠር አባትና ልጅ ታሪክ ሊሠራ እንደሆነና ቪዲዮዎቻችንን እንደወደዳቸው ነገረኝ። ከደስታዬ ብዛት የአንዱን ደንበኛ መታወቂያ ስድስት ጊዜ ኮፒ አደረግሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ስመ ጥር ተዋናይ አስከትሎ ቤታችን ድረስ መጣ። አባቴን ካሜራ ፊት አቆማቸውና የተጻፈውን አንብቦላቸው እንዲደግሙት ጠየቃቸው። ቆባቸውን አወለቁ፣ አዩ፣ ደፉ። «ይሄማ የኔ ነገር አይደለም» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ዳይሬክተሩ ብቻ አልሳቀም። ወደ ጓሮ ወሰደኝና፣ «አባትሽ ቃል መያዝ አይችሉም። የአባትየውን ቦታ እሱ ይሠራዋል» አለኝ ወደ ተዋናዩ እያመለከተ። «አንቺ ልጅቷን ትሆኛለሽ። በመጀመሪያ ግን አባትሽን በደንብ አስጠኚው።»

እሺ አልኩ። ላስብበት እንኳ አላልኩም። ለአባቴም «እንግዳው የገጠር ኑሮ ሊያይ ነው የመጣው» ብዬ ዋሸኋቸው።

ተዋናዩ አንድ ሳምንት እኛ ጋ ሰነበተ። አባቴ መደባቸውን ለቀቁለት። ብርዱን አይችለውም ብለው የራሳቸውን የሱፍ ብርድ ልብስ ደረቡለት። እኔ ደግሞ ሰውየውን ከኋላቸው እያስከተልኩ አስጠናው ነበር። «ግራ ትከሻቸው ወረድ ይላል፤ አንተ ቀና አደረግኸው።» «ከመሳቃቸው በፊት ያስላሉ።» «ሲቀመጡ መጀመሪያ መሬቱን በዱላቸው ነካ ያደርጉታል።» አባቴን ይህን ያህል እንደማውቃቸው የገባኝ ለሌላ ሰው ሳስረክባቸው ነው።

በአምስተኛው ቀን ተዋናዩ፣ «ቆቡ ውስጥ ግን ምንድን ነው የሚያዩት?» አለኝ። አላውቅም ነበር። አባቴ የበጎቹን በረት ካብ ሲጠግኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጠየቅኋቸው። ቆባቸውን አወለቁና ከወትሮው ይልቅ ረዘም አድርገው አዩት።

«እናትሽን ነዋ» አሉ። «በወጣትነቴ አፌ ክፉ ነበር። አንድ ቀን በቃል ሰበርኳትና እናቷ ቤት ሄደች። ስትመለስ ይሄን ቆብ በእጇ ሠርታልኝ መጣች። ‹ከመናገርህ በፊት እኔን እዚህ ውስጥ እየኝ፤ አይተኸኝ ከቻልክ ያን ጊዜ ተናገር› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እሷን ሳላይ የተናገርኩት ነገር የለም። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አንቺም ያዢው።»

ያዝኩት፤ እስከ ራት ሰዓት ድረስ። ተዋናዩ ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደብተሩን አወጣና ጻፈው።

ቀረጻው የተጀመረ ዕለት የልጅቷን ቦታ የምትሠራ ሌላ ሴት ከአዲስ አበባ መጥታ አገኘኋት። ዳይሬክተሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ያንቺ አሠራር ለስልክ ነው የሚሆነው፤ አትቀየሚኝ» አለኝ። ቀን ሙሉ ጠብቄ፣ ሲመሽ ጭድ ተሸክሜ ከኋላ እንዳልፍ ተደረግሁ። ጭዱ ፊቴን ሸፍኖት ነበር።

ይህን ለአባቴ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ለደብሩ ሰው ሁሉ «ልጄ ፊልም ሠራች» ብለው አውርተዋል። የፊልሙ ምርቃት ቀን አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰው አብረውኝ አዲስ አበባ ገቡ፤ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ተዋናዩ ብቅ ብሎ ቆቡን ሲያወልቅ አባቴ እንደ ልማዳቸው አስለው፣ ከሰው ሁሉ ቀድመው ሳቁ። «አንቺ! ይሄ እንግዳችን እኮ እኔን ቁጭ ነው!» እያሉ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ።

ቀጥሎ ሰውየው ቆቡ ውስጥ እያየ፣ «ሚስቴ እዚህ ውስጥ ተቀምጣ ትቆጣኛለች» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዳንዱማ አጨበጨበ። ጨርሶ ወደ አባቴ ማየት አቃተኝ፤ እጃቸውን ብቻ አየሁ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ፣ አፉን ወደ ታች ደፍተው፣ በሁለት እጃቸው ተጭነውት ነበር። ጭድ የተሸከመችው ሴት ስታልፍ ማን እንደሆነች አልጠየቁኝም።

ቆይቶ፣ የሚጽናኑ መስሎኝ፣ ከድሮዎቹ ቪዲዮዎች አንዱን መልሼ ለቀቅሁት። ከሥሩ የተጻፈውን ሳነብ አንዱ፣ «ሽማግሌው ተዋናዩን ለመምሰል ይሞክራሉ፤ ግን አልተሳካላቸውም» ብሏል። ብዙ ሰው ወዶለታል። ስልኬን ዘግቼ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

አባቴ ካሜራ ፊት ዳግመኛ አልቆሙም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፤ ቆባቸውን ማየት ተዉ። ሲጠየቁ ወዲያው ይመልሳሉ። በድንበር ነገር ከጎረቤታችን ጋር ተጣልተው፣ በሕይወቴ ከአፋቸው ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ሲናገሩ ሰማሁ። እናቴ ያገባችው ያ ቁጡ ወጣት በስተርጅና ተመልሶ መጣ፤ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆምኩባቸው። ስንት ወር በልቤ ስለማመደው የቆየሁትን ረሳሁት።

«አባዬ፣ በድዬዎታለሁ» አልኩ። «ይቅር ብለውኛል?»

እጃቸው ወደ ራሳቸው ተነሣ። ጣታቸው ቆቡን ነካው። እባክዎ ይዩት እያልኩ በሆዴ ለመንኩ። እጃቸው መልሶ ወረደ።

«ይቅር አላልኩሽም» አሉና ዱላቸውን አንሥተው ቀድመውኝ ሄዱ።