ምክንያቱ ያልታወቀ ውሃ

ቤት ገማች ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ግድግዳ በእጇ ጀርባ ስትዳብስ ስለኖረች፣ ወዳጅም ጠላትም «እትዬ ዳበሳ» ይላታል። ባሏማ «እኔን እንኳ እንዲህ ዳብሰሽኝ አታውቂም» እያለ ይቀልድባታል። እሷ ግን ማንም ቢስቅ ደንታ የላትም። የፈረመችበት ግምት አንድ ቀን ተሽሮባት አያውቅም፤ ይህንን ለመናገርም አታፍርም። አምርራ የምትጠላው «ምክንያቱ ያልታወቀ» የሚለውን አባባል ነው። የሰነፍ ገማች መደበቂያ ነው ትላለች።

አንድ ጠዋት የጠራት አንድ መምህር ነበር። የእናቱን ቤት ሊሸጥ ቢነሳም፣ የመኝታ ቤቱን እርጥብ ግድግዳ ያየ ገዢ ሁሉ ፊቱን አዙሮ ይሄድበታል።

«እትዬ፣ ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ» አላት ገና በሩ ላይ። «ጣሪያውን አስጠገንኩ፣ ቧንቧ አስፈተሽኩ፣ ወለሉን አስቆፈርኩ። ከእርስዎ በፊት የመጣው ገማችማ ከሥሩ ምንጭ አለ ብሎ ዋጋውን በግማሽ ጣለው።»

«ምንጭ? ዓሣስ አላየም?» አለችና ወደ ውስጥ ዘለቀች።

እናቱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ዳበሳ ጎንበስ ብላ «እንዴት አደሩ፣ እናቴ?» አለቻቸው። «ተመስገን» አሉ በቁጥብነት።

ግድግዳው ከአልጋው ራስጌ አጠገብ ነው። ልስኑ አብጧል፣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል። ከላይ ዳበሰች፤ ደረቅ ነው። የጣሪያ ውሃ ከላይ ይወርዳል፣ የመሬት ውሃ ከታች ይወጣል። ይሄኛው ግን ከመሃል ነው የሚጀምረው፤ ልክ አልጋ ላይ የተቀመጠ ሰው እጁን ሲዘረጋ በሚደርስበት ቁመት። ከራስጌው በርጩማ ላይ አንድ ጆግ አለ። ገና በጠዋቱ ባዶ ነው፤ አጠገቡ ያለው ብርጭቆ ግን ውሃ አልነካውም። ቀና ስትል ከአሮጊቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። አሮጊቷ ዓይናቸውን አልሰበሩም።

እትዬ ዳበሳ ነገሩ ገባት። እውነቱን ብትጽፍ ቤቱ በሳምንቱ ይሸጣል፣ እኚህ ሴትም ከቤታቸው ይወጣሉ። ባትጽፍ ደግሞ በገዛ ፊርማዋ መዋሸቷ ነው። እሷ ደግሞ አትዋሽም።

«ቤቱ በማን ስም ነው?» አለችው መምህሩን።

«በእናቴ።»

«ይሸጥ ብለዋል?»

«ለእሳቸው ብለን እኮ ነው፣ እትዬ። እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«ከማን ጋር?»

«ከእህቶቼ ጋር።»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል» አለችና ወረቀቷን አውጥታ ጮክ ብላ እያነበበች ጻፈች። «ጣሪያው ደህና ነው። ቧንቧው ደህና ነው። ከሥሩም ምንም የለም። ቤቱ ሙሉ ዋጋውን ያወጣል።»

የመምህሩ ፊት በራ። አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ።

«ታዲያ ምክንያቱስ?»

«ምክንያቱ ታውቋል። የመናገሩ ተራ ግን የባለቤትየዋ ነው» አለችና ባዶውን ጆግ አንስታ አሮጊቷ ጭን ላይ በቀስታ አኖረችው።

መምህሩ ጆጉን አየ። ግድግዳውን አየ። «እማዬ?» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅነቱ ቀጥኖ።

«ሦስት ወር ሙሉ ይህን ግድግዳ ስትጠይቁት ከረማችሁ» አሉት እናቱ። «እኔን ግን አንድ ቀን የጠየቀኝ የለም።»