እቴነሽ የጣለችው ዕጣ

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ደንበኛ የቧንቧ መገጣጠሚያ እያማረጥኩ ሳለ የእህቴ ልጅ ከደባርቅ ደወለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሰው ሁሉ ቢሮ ቢሮ ሲል፣ እኔ የወፍ አስጎብኚ ነው የምሆነው ብላ የተነሳች ልጅ ናት። የሁለት ስኮፕ ፎቶ በስልኬ ልካልኝ ኖሮ፣ «አጎቴ፣ አየኻቸው? የትኛውን ልውሰድ? አባዬን ብጠይቀው፣ ሞላን ጠይቂው፣ በዚህ ነገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም አለኝ» አለችኝ።

ስኮፕ ማለት ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተሰክቶ በአንድ ዓይን የሚታይበት ረጅም መነጽር ነው። የአባቷ ነገር ምስጋና ይሁን ስላቅ አልለየልኝም። ለደንበኛዬ የማይገጥም ቧንቧ ሰጥቼ ላክሁት፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ጮኸብኝ። እውነቱን ነበር።

እኔ ሁልጊዜ ቧንቧ ሻጭ አልነበርኩም። ሃያዎቹን ስጀምር ደባርቅ ውስጥ ከማለደ ጋር፣ ከዚች ልጅ አባት ማለቴ ነው፣ ፈረንጅ ወደ ሰሜን ተራሮች ይዘን እንወጣ ነበር። ማለደ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ የሰው ቋንቋ ቶሎ የሚገባው ሰው ነበር። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ ዓይኔ ግን ጥሩ ነበር። ሌሎቹ ዋሊያና ጭላዳ ዝንጀሮ አሳይተው ጉርሻቸውን ተቀብለው ሲወርዱ እኔ ገደል አፋፍ ላይ አንጋጥጬ እቀር ነበር። ወፍ መመልከት ለእኔ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ሲያመልጠኝ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር ነበር። ተራራው ላይ ግጭ ከሚባለው ቦታ ብርዱ አጥንት ሲሰብር ከማለደ ጋር አንድ ጋቢ ለብሰን አድረናል፤ ከአንድ ቅል በሶ በጥብጠን ጠጥተናል። ወንድሜ ነው እል ነበር፤ ሰው በዚያ ዕድሜው ይህን ቃል ያለ ቁጥብነት ነው የሚናገረው።

በየበጋው የሚመጡ አንዲት የወፍ ተመራማሪ ነበሩ፤ እኛ «ዶክተር» እንላቸዋለን። በዕድሜ የገፉ፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው ፈረንጅ ናቸው። ለምሳ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ከበሉ ሌላ አይጠይቁም። በመጨረሻ ጉልበታቸው እምቢ አለና በግንቦት ሲሰናበቱን ሁለቱን ስኮፖቻቸውን ትተውልን ሄዱ። «ክረምቱን ሁለቱንም ሞክሯቸው፤ ከዚያ ሳትጣሉ አንድ አንድ ውሰዱ» አሉን። ማለደ እጃቸውን ሳመ። እኔ ማልቀሴን እንዳያዩብኝ ጭነት ወደሚጫንበት ሄድኩ።

አንደኛው ስኮፕ ትልቅ ነው፤ ክንድ ያህላል። ሁለተኛው አጭር ሆኖ ማያው ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ለልጅ የተሠራ የሚመስል ነበር። እኔማ መጀመሪያ ትልቁን እንደ እርሻ በሬ ትከሻውን አይቼ ነው የወደድኩት። ትልቁ ከሩቅ ያለ ገደል ላይ የተቀመጠን ወፍ አምጥቶ አፍንጫህ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ታዲያ ምን ይፈለጋል? ሰኔ አጋማሽ ላይ ግን ጠባዩን ማወቅ ጀመርን። ትንሽ ነፋስ ሲነሳ ተራራው ሁሉ በውስጡ ይንቀጠቀጣል። ወደ ማታ ሲሆን ከሌላው ቀድሞ ይጨልምበታል። ጉም ሲመጣ ደግሞ ውስጡን ያልበውና እስኪደርቅ ድረስ ቁራና ንስር አይለይም። ያ አጭሩ ብዙ አያቀርብም፤ ያቀረበውን ግን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣ የሌላው ሰው ዓይን ተስፋ በሚቆርጥበት ሰዓት፣ የአሞራውን የደረት ቀለም ትለይበታለህ። ማያው ቀና ያለ በመሆኑም ረጅሙም አጭሩም ሳይቸገር ያይበታል። ክረምቱ ሲወጣ ሁለታችንም ያንኑ አጭሩን እንደምንፈልግ ገባን። ማናችንም ግን በአፋችን አላወጣነውም።

ነገሩን ያከበደው ኑሩ ነው። ኑሩ በጎንደር ከቀደምት የነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ፣ መኪኖች ያሉት የጉዞ ድርጅት ባለቤት ነበር። ወፍ ለማየት ብቻ የሚመጡ እንግዶችን መቀበል ሊጀምር ነው፤ ለዚያም ከደባርቅ አንድ ሰው ይፈልጋል። የራሱ ስኮፕ ያለው፣ ወፍ የሚያውቅ፣ አንድ ሰው። ከመስቀል በኋላ መጥቶ እኔንና ማለደን ሊያየን ቀጠረን። ያን ሥራ ያገኘ ዓመቱን ሙሉ ወፍ ሲያይ ይኖራል፤ ያላገኘ ሌላ እንጀራ ይፈልጋል። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም።

«ዕጣ እንጣል» አልኩት ለማለደ። በእኛ አገር ለበዓል በሬ ታርዶ ሥጋው በመደብ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ቅጠል። የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሰው ይጠራና ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል። መንገደኛ ከተገኘ ደግሞ እሱ ይመረጣል፤ መንገደኛ ለማንም አያዳላም። ዕጣ ከወጣ በኋላ ማጉረምረም ነውር ነው። ጮማ የደረሰው ይበላል፤ አጥንት የደረሰው ይግጣል።

ዕለቱ የቅዳሜ ገበያ ነበር። መስከረም ጠብቶ፣ ገብሱ ገና እሸት ሆኖ፣ መንገዱ ጭቃውን ሳይጨርስ። የእህቴ የእቴነሽ ምግብ ቤት ጓሮ ቁርበት አንጥፈን ሁለቱን ስኮፖች ጎን ለጎን አጋደምናቸው። እቴነሽ ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገች፣ ለእኔ ስትል ትምህርቷን ያቋረጠች፣ ያኔ ደግሞ ከመጀመሪያ ባሏ ተፋታ ያቺን ምግብ ቤት ብቻዋን የምታስተዳድር ሴት ነበረች። ከደጅ ሰው እንደ ጉድ ይተራመሳል። ወጥቼ መንገደኛ ልጥራ ብል ማለደ ክንዴን ያዘኝ።

«ምን መንገደኛ ያስፈልጋል? እቴነሽ ትጣለው። እህትህ አይደለች? እኔ አምናታለሁ።»

ጨዋነቱ ገረመኝ። የገዛ እህቴን ዳኛ ሲያደርግልኝ በልቤ መርቄዋለሁ፤ ዛሬ ሳስበው በራሴ እስቃለሁ፣ ሳቁ ግን አይጥምም። እቴነሽ ፊቷን አዙራ ቆመች። እኔ የአስታ ቅጠል፣ ማለደ ጠጠር ባርኔጣ ውስጥ ጨመርን። ዞረች፤ እጇን ከታ ሁለቱን አወጣች፤ ቁርበቱ ላይ ጎንበስ አለች። ጠጠሩ አጭሩ ላይ፣ የእኔ ቅጠል ትልቁ ላይ አረፈ።

«የእግዜር ነው» አልኩ። ማለደ አቀፈኝ። እቴነሽ እጇን በመቀነቷ ጠረገችና «ወጡ አረረብኝ» ብላ ገባች።

ኑሩ ሲመጣ አመሻሽ ላይ ወደ ገደሉ አፋፍ ይዞን ወጣ። ማዶ ካለው ገደል አንድ አሞራ አረፈ። በአበራረሩ አውቄው ነበር፤ አጥንት ከሰማይ ለቆ ድንጋይ ላይ እየሰበረ የሚበላው አጥንት ሰባሪው ነው፣ ያውም ገና ወጣቱ። ተናገርኩ። ኑሩ ግን በእኔ ስኮፕ አየና ጥቁር ነገር ሲንቀጠቀጥ አገኘ። በማለደ ስኮፕ አየና «ሱብሃነላህ» አለ። ቆይቶ ወደ እኔ መጣ፤ ደግ ሰው ነበር።

«ዓይንህ ሸጋ ነው፣ ሞላ። ምን ላድርግ ታዲያ፣ እንግዳው ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣው በራሱ ዓይን ሊያይ ነው።»

ሥራው የማለደ ሆነ። ከፋኝ፤ አልቆጣሁም ግን። በማን ልቆጣ? ዕጣ ነው። እንዲያውም ሥራውን በጀመረ በሳምንቱ፣ ለማንም ያላሳየሁትን የአጥንት ሰባሪውን ጎጆ ወስጄ አሳየሁት። ለዓመታት በሆዴ እየተሳብኩ ያገኘሁት ቦታ ነው። ወፉ የሚገባበትን ሰዓት፣ ፀሐይ ከየት ስትመታው ጥርት ብሎ እንደሚታይ፣ ሰው የት ቢቆም እንደማይደነግጥ፣ ሁሉን ነገርኩት። የደረሰውን ሥራ በደንብ እንዲሠራው ፈልጌ ነው። ማለደ በዚያ ጎጆ ዝና አተረፈ። እኔም እዚያው ሆኖ ማየቱን አልቻልኩትምና በጭነት መኪና ተሳፍሬ ጎንደር ገባሁ።

በዓመቱ በጥር እህቴና ማለደ ተጋቡ። መዋደዳቸውን የሰማሁት ሽማግሌ ሲላክ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ደባርቅ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ደስ አለኝ። ሁለቱን የምወዳቸውን ሰዎች አንድ ቤት አገኘኋቸው። አባት የለንምና ልጅ ሰጪው እኔ ነበርኩ። መልሱንም የጠራሁት እኔ፣ በጉን የመረጥኩት እኔ፣ እየዞርኩ ጠላ የምቀዳው እኔ።

ማለደ ከሚዜዎቹ መሃል ተቀምጦ ጠጁ ሞቅ አድርጎታል። ከኋላው ማሰሮ ይዤ መቆሜን አላየም።

«እኔ ዕጣ የሚወጣልኝ በእቴነሽ እጅ ነው!» አለ። «ያን ጊዜም ጠጠሬን አስቀድሜ ባሳያት፣ የት እንደምታሳርፈው አወቀችበት!»

ሚዜዎቹ ተንከተከቱ። አንደኛው ቀና ብሎ እኔን አየና ማለደን በክርኑ ጎሰመው። ማለደም ዞረ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ፣ «ሞላ… ጨዋታ ነው እኮ» አለኝ።

ማሰሮውን አስቀምጬ ጓዳ ገባሁ። እቴነሽ በሙሽራ ልብሷ ሆና ነጠላዋን ስታስተካክል አገኘኋት። «እውነት ነው?» ስላት ምኑን ብላ አልጠየቀችም። ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ጥያቄ መሆኑ ከፊቷ ያስታውቃል።

«ነው» አለች።

«ምነው እታለም? ምን በደልኩሽ?»

«ምንም አልበደልከኝ። እሱ ሥራውን ካጣ ደባርቅን ጥሎ ሊሄድ ነበር። ከሄደ አይመለስልኝም።» እንባዋ መጣ፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። «አንተስ ወዴት ትሄድብኛለህ ሞላዬ? ብትቆጣ፣ ብታኮርፍ፣ ወንድሜ ነህ። ወንድምነትህ አይቀር።»

በሩ ላይ ሴቶቹ «ሙሽራዋ ትውጣ» እያሉ ይጠራሉ። ወጣሁና ማሰሮዬን አንስቼ መቅዳቴን ቀጠልኩ፤ እንግዳ ነበረብን።

ማለደን ይቅር ብዬዋለሁ። ይቅር ያልኩት ከደግነት አይደለም፤ ቀላል ስለነበረ ነው። አንድ ነገር ፈለገ፣ አታለለ፣ ወሰደ፤ እንዲህ ያለ ሰው በየገበያው ሞልቷል። ሥራዬን ወስዶብኛል፤ ጎጆዬንም በገዛ እጄ አስረክቤዋለሁ። እቴነሽ የወሰደችብኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲወደኝ እፈራለሁ። እርግጠኛ ሲሆኑብኝ እፈራለሁ። ሚስቴ «አንተን አምኜ» ብላ ዓረፍተ ነገር ስትጀምር ተነስቼ እወጣለሁ፤ ምስኪን፣ ምክንያቱን አታውቅም።

ለልጅቷ ማታ መልሼ ደወልኩላት። «ስንት እጥፍ ያቀርባል የሚለውን ተዪው» አልኳት። «አመሻሽ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ቆመሽ እዪባቸው። ያኔ የሚጠራልሽን ውሰጂ። ውኃና ጉም እንደማያስገባም አረጋግጪ።» ጽፋ ያዘች። አባቷ ያን ስኮፕ እንዴት እንዳገኘ አልነገርኳትም፤ አባቷ ነው። አመስግናኝ ስታበቃ «ቆይ፣ እማዬ ታናግርህ» አለች።

«ሞላዬ፣ ምነው ጠፋህ? ለሚካኤል ዝክር ትመጣለህ አይደል?»

ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን «አልመጣም» ልላት ስዘጋጅ ኖሬአለሁ። ሌላ ምንም አልጨምርም፣ እሱን ብቻ። አፌን ከፈትኩ።

«እመጣለሁ እታለም» አልኳት። «ምን ላምጣልሽ?»

እሄዳለሁም። እሷ ያን ቀን በእኔ ወንድምነት ተወራርዳ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ እያሸነፈች ነው።