ውኃ የጠጣችው ታንኳ

እርጥብ ደንገል ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ግማሹ ዓሣ፣ ግማሹ የታጨደ ሣር ነው። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝና ደብተሬን አውጥቼ፣ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርሁ። መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት ዘንድሮ ስለሆነ ደስታዬን መደበቅ አልችልም፣ ታገሡኝ።

ቤታችን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ነው። አባዬ ከደንገል ታንኳ እየሠራ፣ በእሷው ዓሣ እያጠመደና ሰው እያሻገረ ያሳድገን ነበር። የደንገል ታንኳ እንደ ሞተር ጀልባ አይደለችም፤ ውኃ ትጠጣለች። ከሐይቅ በተመለሰች ቁጥር ወደ ደረቅ ተጎትታ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ካልተንጠፈጠፈች ትከብድና ሰው መሸከም ያቅታታል። ስለዚህ ታንኳን ውኃ ላይ ትቶ መሄድ በቤታችን ትልቁ ጥፋት ነበር።

ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጎረቤታችን ልጅ ከሐያት ጋር አንለያይም ነበር። እናቷ እትዬ ዘይነብ ገበያ ላይ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። እኔ ከየኔታ፣ ሐያት ከመድረሳ የሙሴን ታሪክ ሰምተን እየመጣን እንጣላ ነበር።

«ሙሴ የኛ ነው» ስላት፣

«ሂጅ ወዲያ! ሙሳ የኛ ነው፣ አንቺ ስሙን እንኳ አታውቂው» ትለኝ ነበር።

የኔታ ግን ሕፃኑ ሙሴ የተቀመጠበት ሣጥን ከደንገል የተሠራ መሆኑን ሲነግሩን ሄጄ ለሐያት ነገርኋትና ጠቡ አለቀ፤ ከደንገል ከሆነማ የጣና ልጅ ነው ብለን ተስማማን። ከዚያ ወዲህ ጨዋታችን ባሕር መክፈል ብቻ ሆነ። እኔ ውኃውን በበትር እመታለሁ፣ ሐያት ፈርዖን ሆና የደንገል ጦሯን ይዛ ታሳድደኛለች፣ እኔም ዞሬ ፀጉሯን ጨምድጄ ውኃ ውስጥ እደፍቃት ነበር። እስክንደማ እንደባደብ ነበር። አንድ ቀን ከንፈሯን ሰነጠቅሁት፣ እሷም ክንዴን ነከሰችኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ፣ እወደዋለሁ።

«ሁልጊዜ የምሰጥመው እኔ ነኝ! አንድ ቀን አንቺ ፈርዖን ሁኚ እንጂ።»

«ነገ» እላት ነበር። ነገም እኔው ሙሴ ነበርሁ።

ጥቅምት ላይ ተኩስ ከሩቅ ይሰማ ጀመር፤ አባዬም ሐይቅ መውጣት አቁሞ፣ ታንኳዋ ወደቆመችበት ጓሮ እንኳ አይዞርም ነበር። አንድ ቀን ሙሴ ባሕሩን ተሻግሮ የሚደርስበትን ማዶ ታንኳዋ ላይ እናድርገው ብለን፣ ሁለታችን ከግድግዳው አውርደን ደንገሉ መሃል ወደ ውኃ ገፋናት። መግፋቱ ቀላል ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ ግን ብንጎትት፣ ብናለቅስ፣ ንቅንቅ አልል አለች።

«እናኑ፣ ምን ይሻላል?» አለችኝ ሐያት።

«ለአባዬ እነግረዋለሁ፣ አታስቢ።»

ቁጣውን ፈርቼ አልነገርሁትም። በማግሥቱም እንዲሁ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ተኩሱ ደጃችን ደረሰ። ማን ማንን እንደሚገድል አላውቅም ነበር። የአንድ ጎረቤታችን ጣራ ተገንጥሎ እንደ ወረቀት ሲበር አየሁ፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ልጁን እያዘለ፣ ቋጠሮውን እየጣለ ወደ ሐይቁ ሮጠ። በፊታችን ይሮጥ የነበረ ሰው ፍየሉን እንዳቀፈ ተደፋ፤ ፍየሏ ተነሥታ ሮጠች፣ እሱ ግን አልተነሣም። አባዬ ለእትዬ ዘይነብ «ክፉ ቀን ቢመጣ ታንኳዬ ላይ ቦታ አላችሁ» ብሏቸው ስለነበር ሐያትን ይዘው ከኛ ጋር ሮጡ።

አባዬ ታንኳዋን ደንገሉ መሃል ሲያገኛት ክው አለ። እማዬ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ስትቀመጥባት፣ እኔም ስከተል፣ ውኃው ቁርጭምጭሚታችን ድረስ መጣ። ከዚያ በላይ አንድ ሰው ቢጨመር መስጠሟ ነበር።

«ማነው ውኃ ያጠጣት?» አለ።

ወደ ማዶ አየሁ።

«እናኑ ነግራዎት የለም እንዴ፣ ጋሼ?» አለች ሐያት።

አባዬ ዓይኔን አየው። ፊቴ ላይ ያለውን አነበበ መሰለኝ፤ ከዚያ ወደ እትዬ ዘይነብ ዞረና «አዎ፣ ነግራኛለች። የዘነጋሁት እኔ ነኝ» አለ። ታንኳዋን ገፍቶልን እሱ ከእነሱ ጋር ቀረ፤ ሦስቱም ደንገሉ ውስጥ እስከ አንገታቸው ውኃ ገቡ።

እማዬ ስትቀዝፍ ጥይቱ ጎናችን ያለውን ውኃ ያፈላው ነበር። ዞር ስል ደንገሉ በማጭድ እንደታጨደ ከወገቡ እየተቆረጠ ሲወድቅ አየሁ፤ እዚያ ውስጥ ያሉት እነሱ ናቸው። እየጮህሁ ውኃውን በእጄ መታሁት፣ ደጋግሜ መታሁት። አልተከፈለም። ሴት የማትረግጠው የገዳም ደሴት ስንደርስ መነኮሳቱ ራሳቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ጎትተው አወጡን።

በማግሥቱ አባዬ በሰው ጀልባ መጣ። ሐያት ደህና ነበረች፤ የእትዬ ዘይነብን ጉልበት ግን ጥይት ፈጭቶት ነበር።

በጋ ሲገባ እትዬ ዘይነብ በምርኩዝ እየተራመዱ፣ ዘመድ ወዳለበት ወደ ሐሙሲት ለመሄድ ተነሡ። አባዬ ዕቃቸውን ሊሸከም ሲጎነበስ፣ «ተወው። አንተ እንደሆነ መንገድ ላይ ትረሳዋለህ» አሉት። ቀና አለና ወደ ቤት ገባ። እኔ በሩ ጥግ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው «ያ ዝንጉ» እያለ ሲያማው እሱ አንድም ቀን ስሜን አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሐሙሲት ሄድሁ። እትዬ ዘይነብ ሻይ ቤት ከፍተዋል፤ ሐያት ብርጭቆ ታጥብ ነበር።

«ለአባዬ አልነገርሁትም ነበር» አልኋት፣ ሰላም እንኳ ሳልላት።

ሐያት እጇን ሳትጠርግ በጥፊ አጮለችኝ። ሻይ የሚጠጡት ሾፌሮች ዞረው አዩን። ጉንጬ እየነደደ፣ የሳሙና አረፋ ከአገጬ እየተንጠባጠበ፣ እውነቴን ነው፣ እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም። እትዬ ዘይነብ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡና ወደኔ መጡ።

«አባትሽ ቅዳሜ ቤት ይውላል?» አሉ።

ቅዳሜ መጡ። እሳቸውና አባዬ ሐይቁ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ጨርቅ ዋጋና ስለ ዓሣ መጥፋት ሲያወሩ ዋሉ፤ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ሲወጣቸው አልሰማሁም። ሐያት ግን «ነገ ያልሽው ዛሬ ነው፣ ፈርዖን!» ብላ ፀጉሬን ጨምድዳ ውኃ ውስጥ ደፈቀችኝ፤ አሥር ጊዜ ያህል፣ ያለ ርኅራኄ። ያኔ ከላይ ሆኜ ስደፍቃት ፈርዖን ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ጣናን ጠጥቼ፣ እየሳልሁ ስወጣ አባዬ አዲሷን ታንኳውን ውኃ ላይ ትቷት ነበር፤ ረስቶ አልመሰለኝም። ያኔ ሁለታችን ብንጎትት፣ ብናለቅስ፣ ንቅንቅ ያላለችውን የምታክል ታንኳ፣ አሁን እኔ በአንድ ጫፍ፣ ሐያት በሌላው ይዘን አወጣናት፤ ግድግዳው ላይ አቆምናትና ውኃዋ እስኪንጠፈጠፍ ድረስ አጠገቧ ቆምን።